«ታሪኩ ግን የት አለ?»፦ ስለ አጭር ልቦለድ ትንተና አጻጻፍ



ፍሬሽማን እያለን ከመካከላችን የአንዱ የእንግሊዝኛ አሳይመንት ሲመለስ ከ20 የተሰጠው 9 ነበር። ግርጌው ላይ በቀይ ብዕር የተጻፈው አስተያየት ደግሞ ከውጤቱ በላይ አሳመመን፦ «መልካም ስብከት ነው፤ ታሪኩ ግን የት አለ?» ወረቀቱን ዶርም ውስጥ እየተቀባበልን አነበብነው። ስለ ስግብግብነት፣ ስለ ዱንያ ጠፊነት፣ ባለን ስለ መብቃቃት ሁለት ገጽ ሙሉ ተጽፏል። እንግሊዝኛው አይታማም። ሐሳቡም ሐቅ ነው። ነገር ግን መምህሩ አልተሳሳቱም። ከሁለቱ ገጽ ላይ የታሪኩን ርዕስና የሴትየዋን ስም ብናጠፋ ጽሑፉ ስለ የትኛውም ታሪክ የተጻፈ ሊሆን ይችል ነበር።

መጀመሪያ ሳቅንበት። ከዚያ የየራሳችንን ወረቀት ስናወጣ ሳቁ ቆመ፤ አብዛኞቻችን የሠራነው ያንኑ ነበር፣ ልዩነቱ የእኛዎቹ 11 እና 12 ማምጣታቸው ብቻ ነው።

ዘንድሮ ለፍሬሽማን ተማሪዎች ከዙህር በኋላ በምንሰጠው ቱቶሪያል ላይ ይኸው ነገር ደጋግሞ ስለመጣብን በዚህ እትም ሰፋ አድርገን ልንጽፈው አሰብን። የፍሬሽማን ውጤት ዲፓርትመንት ምደባ ላይ ይገባል፤ የእንግሊዝኛ ኮርሱን ደግሞ ሁላችንም እንወስደዋለን። ጎበዝ ሆናችሁ ሳለ ባልገባችሁ የአጻጻፍ ልማድ ምክንያት የምትፈልጉት ትምህርት ክፍል ሲያመልጣችሁ ማየት ያሳዝነናል። ኢንጂነሪንግ የምንማር ሰዎች ስለ ልቦለድ መጻፋችን ቢያስገርማችሁ አንቀየምም።

ለምሳሌነት የምንጠቀመው ያንኑ 9 ያሰጠውን ታሪክ ነው፤ የፈረንሳዊውን የጊ ደ ሞፓሳንን «ሐብሉ»። እ.ኤ.አ. በ1884 ፓሪስ ውስጥ በጋዜጣ ላይ ነው መጀመሪያ የታተመው። ዛሬ በብዙ አገር የእንግሊዝኛ መማሪያዎች ውስጥ በትርጉም ይገኛል። መጨረሻውን ልንናገር ስለሆነ ያላነበባችሁት እዚህ ላይ አቁሙና መጀመሪያ አንብቡት፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ማቲልድ ቆንጆ ናት፤ የተወለደችው ግን ከተራ የቢሮ ጸሐፊዎች ቤተሰብ ነው፣ ያገባችውም ሉዋዜል የሚባል የትምህርት ሚኒስቴር ጸሐፊ ነው። ኑሮዋን ትጠላለች። አንድ ቀን ባሏ ሚኒስትሩ ቤት ለሚደረግ ግብዣ የጥሪ ካርድ ይዞ ይመጣል። ለቀሚስ 400 ፍራንክ ትጠይቀዋለች፤ እሱ ልክ ያንኑ ያህል ለአደን ጠመንጃ መግዣ አስቀምጦ ነበር፣ ይሰጣታል። ጌጥ ስለሌላት ከሀብታም ጓደኛዋ ከማዳም ፎረስቲዬ የአልማዝ ሐብል ትዋሳለች። በግብዣው ከሁሉም ሴት ደምቃ ታመሻለች። ቤት ሲገቡ ሐብሉ አንገቷ ላይ የለም። ፈልገው ያጡታል፤ ለጓደኛዋ ምንም ሳይናገሩ የሚመስለውን በ36,000 ፍራንክ ገዝተው ይመልሳሉ። ዕዳውን ለመክፈል አሥር ዓመት በድህነት ይለፋሉ። ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ማቲልድ ጓደኛዋን መንገድ ላይ አግኝታ እውነቱን ስትነግራት፣ የጠፋው ሐብል እውነተኛ አልማዝ እንዳልነበረና ቢበዛ 500 ፍራንክ እንደሚያወጣ ትሰማለች። ታሪኩ እዚያው ላይ ያልቃል።

ይህን ያህል ማጠቃለያ የጻፍነው ለእናንተ ነው። እናንተ ለመምህራችሁ ስትጽፉ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አትለፉ፤ መምህሩ ታሪኩን ከእናንተ በፊት አንብበውታል። ሦስት ገጽ ከታዘዘ ሁለቱን ገጽ ታሪኩን መልሶ በመተረክ የሚሞላ ተማሪ ያየነው ብዙ ነው።

ስብከቱ ከየት መጣ?

መድረሳ ያደግን ልጆች ታሪክን የምንሰማው ለዒብራ ነው። ኡስታዞቻችን ቂሷ ነግረውን ሲጨርሱ «ከዚህ ምን እንማራለን?» ይሉናል፤ እጃችንን የምናወጣው ለዚያ ጥያቄ ነው። በዚህ አናፍርም፣ ልንተወውም አንፈልግም። መንግሥት ትምህርት ቤት ስንሄድ ደግሞ ምንባብ አንብበን የምንመልሰው ከ«ሀ» እስከ «መ» አንዱን በማክበብ ነበር። ትክክል ከከበብን አለቀ፤ ለምን «ሐ»ን እንደመረጥን የሚጠይቀን አልነበረም። ሁለቱ ልማዶች ሲገናኙ ዩኒቨርሲቲ የሚደርሰው ተማሪ የታሪኩን ትምህርት በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር የሚችል፣ እዚያ እንዴት እንደደረሰ ማሳየት ግን ያልለመደ ይሆናል።

የትንተና ጽሑፍ የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው። «ታሪኩ ምን ያስተምራል?» ሳይሆን «ታሪኩ ይህን ስሜት ወይም ይህን ሐሳብ በምን ፈጠረው?» ነው ጥያቄው። ድልድይ ላይ ቆሞ «ያሻግራል» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ክብደቱ በየትኛው ምሰሶ በኩል ወደ መሬት እንደሚወርድ ማሳየት ሌላ ነው።

ደስ የሚለው ይህንንም መድረሳ ውስጥ ተምረነዋል፣ እዚህ ማምጣት ረስተነው ነው እንጂ። አጅሩሚያ የቀራ ሰው ያስታውሳል። ኡስታዙ አንዲት ዓረፍተ ነገር ያነቡና አይለፏትም። «ፋዒሉ የቱ ነው? ለምን መርፉዕ ሆነ? ምልክቱስ?» ይላሉ። «ይመስለኛል» የሚል መልስ እዚያ ቦታ የለውም፤ ቃሉ ላይ ያለውን ምልክት በጣት ማሳየት ግድ ነው። ፊቅህ ስንቀራም ያው ነው። አንድ ነገር ስንል «ደሊልህ የታለ?» እንባላለን። ለልቦለድ ትንተናም ከዚህ የተለየ ችሎታ አይጠየቅም። ልዩነቱ ደሊሉ የሚመጣው ከታሪኩ ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። ስለ ማቲልድ ለምትናገሩት ነገር ሐዲስ ደሊል አይሆናችሁም፤ ሐዲሱ የማቲልድን ድርጊት እንዴት እንደምንመዝን ይነግረን ይሆናል፣ ሞፓሳን ታሪኩን እንዴት እንደሠራው ግን አይነግረንም።

የሁለቱን ልዩነት ራሳችን የተረዳነው በአንድ ክርክር ላይ ነው። ቱቶሪያሉ ላይ «ሐብሉ»ን አንብበን እንደጨረስን አንዱ ወንድማችን «ይህ እኮ የዐሪያ መስአላ ነው» ብሎ ተነሣ። እንደቀራነው በሻፊዒይ መዝሀብ ሰው የተዋሰው ዕቃ ከጠፋበት ይተካል፤ ከተፈቀደለት አጠቃቀም የተነሣ ካልሆነ በቀር ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ ዕቃው እጁ ላይ አማና ነው፣ ካላጠፋ ወይም ችላ ካላለ አይተካም። ማቲልድ ችላ ብላለች ወይ? ከግብዣው ስትወጣ ፀጉራም ካፖርት የለበሱት ሴቶች የእሷን ተራ ልብስ እንዳያዩባት ደረጃውን እየሮጠች ነበር የወረደችው፤ ይህ ችላ ማለት ይባላል? ሌላው ደግሞ መተካት ካለባትም የምትተካው የጠፋውን ዕቃ ዋጋ ነው፣ በግምቷ የመሰላትን አይደለም አለ። ስለዚህ አሁን በማዳም ፎረስቲዬ ቤት ያለው የ36,000 ፍራንክ አልማዝ የማን ነው? ሦስት ሰው አንዴ ይናገራል። ግማሽ ሰዓት ሄደ። አንዲት ዝም ብላ የቆየች እህት «ሁሉም ጥሩ ነው፤ ሞፓሳን ግን የት ገባ?» አለች።

ልክ ነበረች። ፊቅሁ የሚመዝነው ድርጊቱን ነው። ይኸው ጉዳይ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ በአምስት መስመር ተጽፎ ቢመጣም ክርክራችን አይቀየርም ነበር። ትንተና ውስጥ ግን ከአምስቱ መስመር የተረፈው ሁሉ ነው ቁም ነገሩ፤ ባልዬው ሊገዛ ያሰበው ጠመንጃ፣ ጥቁሩ የሳቲን ሣጥን፣ ሩጫው፣ ማን ምን እንዳወቀና መቼ እንዳወቀ።

ነገር ግን ክርክሩ ከንቱ አልቀረም። «የጠፋውን ዕቃ ዋጋ ነው የምትተካው» የሚለው ሐሳብ ወደ አንድ ጥያቄ መራን። ዋጋውን ለምን አላወቀችም? ስላልጠየቀች። ለምን አልጠየቀችም? ለመጠየቅ መጥፋቱን መናገር ስላለባት። ይኸው፣ ከመድረሳ የመጣ ጥያቄ ወደ ታሪኩ ውስጥ አስገባን።

አቋም ከጥርጣሬ ይጀምራል

መምህራን «ቴሲስ» የሚሉትን እኛ አቋም እንበለው። ጽሑፋችሁ ሙሉውን ቆሞ የሚሟገትለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ጥሩነቱን የምትለኩት በአንድ መንገድ ነው፤ ታሪኩን ያነበበ ብልህ ሰው «አይ፣ አይመስለኝም» ሊላችሁ ይችላል? «ማቲልድ በኩራቷ ተጎዳች» ብትሉ ማንም አይከራከራችሁም፣ ስለዚህ የምታስረዱትም ነገር የለም። የ9ኙ ወረቀት በሽታ ይህ ነበር።

እኛ ከዚያ ክርክር በኋላ የደረስንበት አቋም ይህ ነው፦ «ሉዋዜሎችን ያደኸያቸው የሐብሉ መጥፋት ሳይሆን መጥፋቱን መደበቃቸው ነው፤ ሞፓሳንም ይህን የሚያሳምነን እውነቱን ከእኛም ደብቆ ነው።» የመጀመሪያው ግማሽ ስለ ታሪኩ ሰዎች ነው፤ ሁለተኛው ስለ አሠራሩ። ሁለተኛው ግማሽ ከሌለ እንደገና ኹጥባ ውስጥ ነን።

አሁን ደሊል። ታሪኩን ሁለተኛ ጊዜ እርሳስ ይዛችሁ አንብቡት። ሁለተኛ ንባብ ያልተነበበ ታሪክ ላይ ትንተና አይጻፍም፤ በተለይ እንደዚህ መጨረሻው ሁሉንም በሚገለብጥ ታሪክ ላይ። መጨረሻውን እያወቃችሁ ስታነቡ በመጀመሪያው ዙር ያላያችኋቸው ነገሮች ብቅ ይላሉ። እኛን ያስደነገጠን ይህ ነው፦ ሐብሉ ከጠፋ በኋላ ባልና ሚስቱ ባዶውን ሣጥን ይዘው ውስጡ ላይ ስሙ ወደተጻፈው ጌጥ ሻጭ ይሄዳሉ። ሰውየው መዝገቡን አገላብጦ ሐብሉን የሸጠው እሱ እንዳልሆነ፣ ሣጥኑን ብቻ አቅርቦ እንደሚሆን ይነግራቸዋል። አስቡት፤ ሣጥኑ ከአንድ ቤት፣ ሐብሉ ከሌላ። ሐብሉ እውነተኛ ላይሆን እንደሚችል ታሪኩ በግልጽ ነግሮናል! እነሱ አልሰሙም፣ እኛም አልሰማንም። የሥነ ጽሑፍ መምህራን ይህን «ንግር» ይሉታል፤ ወደፊት የሚመጣውን አስቀድሞ በዘዴ መጠቆም ነው። ወደ ኋላ ስንመለስ ሌላም አገኘን። ማቲልድ ሐብሉን ለመዋስ እየፈራች ስትጠይቅ ማዳም ፎረስቲዬ ያላንዳች ማመንታት ትሰጣታለች። በመጀመሪያው ንባብ ይህን ለጋስነት ብለን አልፈነው ነበር።

ተራኪውንም ልብ በሉት። ታሪኩን የሚነግረን ሰው ከማቲልድ ትከሻ ላይ ሆኖ ነው የሚያየው። እሷ አልማዝ ስትል አልማዝ ይላል። እሷ ስትደነግጥ እንደነግጣለን። ማዳም ፎረስቲዬ በልቧ ምን እንደምታስብ አንድ ጊዜም አይነግረንም፤ ቢነግረን ታሪኩ ያኔውኑ ይፈርስ ነበር። ማቲልድ ከጓደኛዋ የደበቀችውን ያህል ተራኪው ከእኛ ደብቋል ማለት ነው፣ የአቋማችን ሁለተኛ ግማሽም የቆመው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥሮቹ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከኢንጂነሪንግ ተማሪ ቁጥር መከልከል አይቻልም። ሞፓሳን በፍራንክ የማይጽፈው ነገር የለም ማለት ይቻላል። አዲሱ ሐብል 40,000 ተብሎ በ36,000 ነው የተገዛው። ባልዬው ከአባቱ የወረሰው 18,000 ነበረው፤ ቀሪውን 18,000 ከወዳጅም ከአራጣ አበዳሪም ተበደረ። ማታ ማታ የሰው ጽሑፍ ይገለብጣል፣ በገጽ 5 ሱ ይከፈለዋል። 20 ሱ አንድ ፍራንክ ስለሆነ አራት ገጽ ገልብጦ አንድ ፍራንክ ያገኛል ማለት ነው። የተበደረውን 18,000 በዚህ ሥራ ብቻ ይክፈለው ብንል 72,000 ገጽ ይሆናል፤ በአሥር ዓመት ሲካፈል በየሌሊቱ ወደ 20 ገጽ። ይህ ወለዱ ሳይቆጠር ነው፤ ታሪኩ ግን የአራጣውንና የወለድ ወለዱን ጭምር እንደከፈሉ ይናገራል። ሪባ ምን እንደሚያደርግ ለሚያውቅ አንባቢ ይህች ቦታ ታምማለች። በሌላ በኩል የመጀመሪያው ሐብል ዋጋ ቢበዛ 500 ነው። በጠፋ ማግስት እውነቱን ተናግረው ቢሆን ከውርሱ ላይ 500 ከፍለው 17,500 ይተርፋቸው ነበር።

ተጠንቀቁ ታዲያ፤ ስሌቱ ብቻውን ትንተና አይደለም። እኛ በመጀመሪያው ረቂቃችን ላይ ይህን ሁሉ አስልተን በኩራት አስቀመጥነውና ያነበበልን ጓደኛችን «እና?» አለን። ቁጥሩ ደሊል የሚሆነው ከአቋሙ ጋር ሲታሰር ነው። ሞፓሳን ዋጋዎቹን እየቆጠረ የሚነግረን፣ በመጨረሻ «500» የምትለዋ አንዲት ቁጥር ስትመጣ የቀረውን ሁሉ እኛው ራሳችን መልሰን እንድንቆጥር ነው። መርዶውን ተራኪው አያብራራውም፤ ሂሳቡን የሚሠራው አንባቢ ነው። ይህን ስትሉ ስለ አጻጻፉ ተናገራችሁ።

አንድ አንቀጽ ከነሥራው

ከጽሑፋችን አንድ አንቀጽ እነሆ። የእናንተ በእንግሊዝኛ ይሆናል፣ አወቃቀሩ ግን ያው ነው።

«ሞፓሳን እውነቱ ሊወጣባቸው የሚችሉ በሮችን ይከፍትና ባልና ሚስቱ ራሳቸው እንዲዘጓቸው ያደርጋል። ፍለጋው ሳይሳካ ሲቀር ሉዋዜል ሚስቱን የሐብሉ መያዣ ተሰብሮ ለጥገና እንደተሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤ ያስጽፋታል። ደብዳቤው ጊዜ ይገዛላቸዋል፤ ያ ጊዜ ግን በመጨረሻ የሚውለው ዕዳ ለመግባት ነው። ማቲልድ የተተካውን ስትመልስም ጓደኛዋ ሣጥኑን አትከፍተውም፤ ማቲልድ መከፈቱን እንደፈራች ተራኪው ይነግረናል። በመጀመሪያው ንባብ ከእሷ ጋር እፎይ እንላለን። በሁለተኛው ንባብ ያው እፎይታ ቁጭት ይሆንብናል፤ ሣጥኑ ቢከፈት አሥሩ ዓመት ላይኖር ይችል ነበር።»

ምን እንደሠራን ተመልከቱ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የአንቀጹ ክስ ነው። ከዚያ ከታሪኩ ሁለት ቦታ አመጣን፣ እያንዳንዱን እንዳመጣነውም ጥለነው አልሄድንም፤ ምን እንደሚያደርግ ተናገርን። ብዙ ተማሪ ጥቅስ ያስቀምጥና ወደሚቀጥለው ይዘላል፣ ጥቅሱ ራሱን ያስረዳ ይመስል። ኡስታዙ ፊት ምልክቱን ጠቁማችሁ ለምን እንደሆነ ሳትናገሩ ብትቀመጡ እንደማለት ነው። በአንቀጹ መጨረሻም «ስለዚህ መዋሸት መጥፎ ነው» አላልንም። ሐቅ ነው፣ ግን አንባቢው ያውቀዋል።

የሚቃረናችሁን ማስረጃም አትሸሹ። በእኛ አቋም ላይ ትልቁ ተቃውሞ ይህ ነው፦ ማቲልድ የደበቀችው ከኩራት ብቻ ነው ወይ? ታሪኩ ራሱ እንዲህ አይልም። ሣጥኑን ስትመልስ የምታስበው ጓደኛዋ ልውጡን ብታውቅ ሌባ ትለኝ ይሆን ብላ ነው። ድሃ ሰው ከሀብታም ቤት የተዋሰው ዕቃ ሲጠፋበት «ጠፋ» ቢል ማን ያምነዋል? ይህ ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ አንዳንዶቻችን ሰው ቤት ተጠግተን ስለተማርን እናውቀዋለን። ስለዚህ አቋማችንን አሻሻልነው፤ ዝምታዋ የኩራቷ ብቻ ሳይሆን የመደብ ልዩነቱም ውጤት ነው አልን። ጽሑፉ የተሻለው በዚህች አንቀጽ ነው። ስለ ኩራቷ ሁለት ገጽ የጻፈው ወንድማችን ይህን ቦታ ጨርሶ አላየውም ነበር፤ ፍርዱን አስቀድሞ ስለጨረሰ ምስክር መስማት አላስፈለገውም።

ሌላ ብዙዎቻችን የተሰናከልንበት ነገር አለ። ታሪኩ መግቢያው ላይ ማቲልድ «ጥሎሽ» እንዳልነበራት ይናገራል። እኛ ዘንድ መህር ከወንዱ ለሴቷ ስለሆነ አንዳንዶቻችን «ባሏ ምንም አልሰጣትም ማለት ነው» ብለን ተረጎምነው። በዚያ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ገንዘቡን ይዛ የምትመጣው ሙሽራዋ ናት፤ ከቤተሰቧ ምንም የሌላት ልጅ ቆንጆም ብትሆን ከፍ ያለ ቤት የመግባት ተስፋዋ የመነመነ ነው። ይህን ሳያውቁ ስለ ቅሬታዋ መጻፍ ሴትየዋ ላይ ግፍ መሥራት ነው። ታሪኩ የማናውቀው አገርና ዘመን ሲሆን ግራ የገባችሁን ቃል በራሳችሁ ልማድ አትሙሉት፣ አጣሩ።

የቀሩት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፣ ግን ነጥብ ያስቀንሳሉ። በእንግሊዝኛ የታሪኩን ድርጊት በአሁን ጊዜ ጻፉ፤ «ጠፋባት» ሳይሆን «ይጠፋባታል»። አማርኛ ተረት «ነበረ» እያለ ስለሚሄድ እጃችን ወደ ኃላፊ ጊዜ ይጎትተናል። «ሞፓሳን ሌባ እንዳትባል ፈራች ይላል» አትበሉ፤ የሚለው ተራኪው ነው፣ ደራሲው ተራኪውን የፈጠረ ሰው ነው። ጥቅስ አጭር ይሁን፤ አራት ቃል የሚበቃበት ቦታ አራት መስመር አትቅዱ። መግቢያውን «የሰው ልጅ ከተፈጠረ ጀምሮ» ብላችሁ አትጀምሩ። ትእምርት ፍለጋ ደግሞ በልክ ይሁን። ሐብሉ ትእምርት ሊሆን ይችላል፤ ቀሚሱም፣ ጠመንጃውም፣ ደረጃውም፣ ጋሪውም ትእምርት ነው ያለ ወረቀት ግን አይተናል፣ አንዱንም አላስረዳም። ከሲኒየር ተቀብላችሁ ስም ቀይራችሁ የምታስገቡትን ወረቀት በተመለከተ መምህራኑ ያውቁታል፣ ይህን ብቻ እንበል።

ሐዲስ ወይም አያ ማስገባት ይቻላል ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁን፦ ጥያቄው የግል አስተያየታችሁን ከጠየቀ ይቻላል፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ መጨረሻ ላይ። ካልጠየቀ ግን ተዉት። የምታውቁት ነገር ጽሑፉ ላይ ባይታይም ንባባችሁ ውስጥ ይሠራል። የበቀራ ሱራ ረጅሟ አያ ስለ ዕዳና ስለ መጻፉ መሆኗን የሚያውቅ ተማሪ፣ ሉዋዜል በየቦታው እየዞረ የሚፈርማቸውን የብድር ወረቀቶች ከማንም በላይ በጥንቃቄ ያነባቸዋል። ለአማና የተለየ ክብር ያለው ሰው ያቺን ሣጥን የማስረከብ ትዕይንት በቀላሉ አያልፋትም።

የ9ኙ ባለቤት በሁለተኛው አሳይመንት 16 አመጣ፤ ቀይ ብዕሩ አሁንም ነበር፣ ያኔ ግን የተጻፈው «እዚህ ላይ አልስማማም» የሚል ነው። ወረቀቱን እስከ ዛሬ ይዞታል።

ባለፈው ሳምንት ቱቶሪያል ላይ አንዲት የፍሬሽማን እህት አቋማችንን ሰምታ ስትጨርስ እንዲህ አለች፦ «ማቲልድን ደበቀች ትላላችሁ። ማዳም ፎረስቲዬስ? ሐብሉ እውነተኛ እንዳልሆነ እያወቀች ስታውሳት ለምን አልነገረቻትም? ግማሹ ጥፋት የእሷ ቢሆንስ?» አንዱ ሊመልስላት አፉን ከፈተ፣ ሌላው እጁን ያዘው። ለመግቢያ የሚሆን ባዶ ወረቀት ሰጠናት፤ ማስረከቢያው ጁሙዓ ነው።